መለኪያዋ የተሰቀለችበት ግድግዳ

ዝናብ የነካው የበርበሬ ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬን ሲሞላው ደስ ይለኛል። ሌላው ሰው የሚያዝንበት ሽታ ነው፤ እኔን ግን ያደግኩበትን የጉለሌ ግቢና የአጎቴን ሚስት እትዬ አስቴርን ያስታውሰኛል። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ ግን አልላትም።

አሥራ አንድ ዓመቴ በነበረበት ክረምት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባቴ ከሚሠራበት ቢሮ የተጣለ የአየር ሁኔታ መለኪያ አንሥቶ፣ ጠግኖ አመጣ። መዳፍ የምታክል ነጭ ሳጥን ውጭ ትሰቀላለች፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን ለክታ ያለ ሽቦ ቤት ውስጥ ላለው ስክሪን ትልካለች። እኛ የምንኖረው እትዬ አስቴር ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነበር። አባዬ ሳጥኗን ይዞ ግቢውን እየዞረ፣ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ እየተወ፣ ከቆርቆሮና ከጭስ እያራቀ፣ እኔም ስክሪኑ ጋ ተቀምጬ «ምልክቱ ደርሷል!» እያልኩት ሁለት ሳምንት ፈጀን፤ በመጨረሻ ከቤታችን ጀርባ ጣሪያው ወጣ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያጠላበትን ግድግዳ መርጦ ሰቀላት። እንደዚያን ጊዜ ሲኮራ አይቼው አላውቅም።

መስከረም ላይ እትዬ አስቴር አየቻት። ለጸሎት ሳሎኗ በተሰበሰቡ ሴቶች ፊት አባዬን ጠርታ፣ «ለሰርቪስ ቤት የአየር ሁኔታ ምን ያደርግለታል? ስክሪኑን ሳሎኔ አስቀምጠው፣ ሳጥኑንም ማድ ቤቴ በር ላይ ስቀለው» አለችው።

«እትዬ፣ እዚያ ምድጃ አለ፤ ሙቀቱ ያሳስታታል» አላት ቀስ ብሎ።

«አንተ ደግሞ ሜትሮሎጂ ሆነህ ሞተሃል!»

ሴቶቹ ሳቁ። አባዬ በገዛ እጁ ነቅሎ በገዛ እጁ ሰቀላት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት እኔን ነበር፤ ከራት በፊት ዓይኔን ጨፍኜ አሜን ስል የማስበው እሷን የማዋርድበትን ቀን ብቻ ነበር።

ቀኑ ጥቅምት ላይ መጣ። እትዬ አስቴር የዓመት በርበሬዋን ግቢው መሃል ሸራ ላይ ታሰጣ ነበር፤ ከቤት ስትወጣም ስክሪኑን ታስነብበኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ አራስ ልትጠይቅ ድፎዋን ጋግራ፣ ምድጃው ገና ሳይበርድ፣ ለብሳ ቆማ «አንቺ፣ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ሙቀት ሠላሳ አራት፣ እርጥበት ሃያ። ደረቅ ነው ይላል እትዬ።»

አልዋሸሁም፤ የተጻፈውን አነበብኩ። እንጦጦ ላይ ስለጠቆረው ደመና ግን አልነገርኳትም። እሷም ቀና ብላ ሳታይ ወጣች።

ስምንት ሰዓት ላይ ዶፍ ወረደ። በራፋችን ላይ ቆሜ፣ ቀዩ ውሃ በቦዩ ሲወርድ እያየሁ እሰይ አልኩ። አባዬ ግን ከሥራ ሲገባ ደርሶ፣ ጃኬቱን ጥሎ ሸራውን መጎተት ጀመረ። «ነይ ያዥልኝ!» ሲለኝ አልተንቀሳቀስኩም። ብቻውን ግማሹን አተረፈ፣ ግማሹ ሻገተ።

እትዬ አስቴር ስትመለስ አባዬን በስብሶ ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ «ዕቃህ ዋሸኝ» አለችው።

«ዕቃውስ አልዋሸም እትዬ፤ የተሰቀለበትን ቦታ ነው የነገረዎት።»

በማግስቱ ሳጥኗንም ስክሪኑንም በሰው ላከችልን። ይቅርታ ግን አልላከችም።

ዛሬ ሸጎሌ በኩል የራሴ ቤት አለኝ፤ የአየሩን ሁኔታ ከስልኬ አያለሁ። እትዬ አስቴር አርጅታለች፤ ልብስ ልታሰጣ ስትል ትደውልና «ልጄ፣ ይዘንብ ይሆን?» ትለኛለች። እውነቱን እነግራትና ስለ አባዬ አንዲት ቃል ትናገር እንደሆነ ብዬ ስልኩን ሳልዘጋ እጠብቃለሁ። «ተባረኪ» ብላ ትዘጋለች። አባዬ ይቅር ብሏት ሞተ። እኔ ግን ይቅር አላልኳትም።