በእናቴ ጓሮ ያለፈው መንገድ

የእናቴ ቤትና የእኔ ቤት ይተያዩ ነበር። ጠዋት በሬን ስከፍት ከጣሪያዋ የሚወጣውን ጭስ አይና “ተነስታለች” እላለሁ። ወደ ማታ ላሞቿን ስታስገባ ነጠላዋ ከማዶ ይታየኛል። ሰዎች እናትሽ ሩቅ ናት ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ በዓይን ነው በእግር? እላቸው ነበር። በዓይን ከሆነ ጎረቤቴ ናት። በእግር ከሆነ ግን በመካከላችን ሸለቆና ወንዝ አለ፤ በበጋ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ በክረምት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

የተወለድኩት በቦምቤ በኩል ነው። የተዳርኩት ከወንዙ ወዲህ፣ ወደ ሶዶ በሚያደላው ወገን ነው። ዘመኑ የንጉሡ ነው፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱን ግን ለመናገር አይቸኩልም፣ ሌላውንም ነገር ለመናገር አይቸኩልም። እኔ በበኩሌ ምላሴ አርፎ አያውቅም። ሁለታችንን ያየ ሰው አንዳችን የሌላችንን ድርሻ ወስደናል ይል ነበር።

በኛ ቤት ወግ፣ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ከጓሮዋ አንድ እንሰት ትለይላታለች። ልጅቷ ስትወልድ ያ እንሰት ይፋቃል፤ ቡላው በቅቤ ተገንፍቶ አራሷ በእናቷ እጅ ትጎርሳለች። እኔም በተዳርኩ በዓመቱ አረገዝኩ። እናቴ ቀኔ ሲቃረብ እንሰቱን ፍቃ፣ ቡላውን ጨምቃ፣ በኮባ ጠቅልላ ተዘጋጅታ ትጠብቅ ነበር። ምጤ የመጣው በሐምሌ ነው። ከማዶ ተጮኾ ሲነገራት ቡላዋን ተሸክማ ወረደች። ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አላት። ዳር ላይ ዝናብ ሲወርድባት ዋለች፤ ሲመሽ ተመለሰች፣ በማግስቱም መጥታ ቆመች። ውሃው ጎድሎላት ስትደርስ ልጄ ተቀብሮ ነበር። ቡላውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ገባችና አቅፋኝ ተቀመጠች። ያን ቡላ ማን እንደበላው እስከ ዛሬ አላውቅም።

መንገዱ የተጀመረው ለእኔ ሐዘን ተብሎ አይደለም፤ ለገበያ ነው። የመኪናው መንገድ በሌላ ጋራ በኩል ወደ ሶዶ ካለፈ ወዲህ የኛ ትንሽ ገበያና የማዶው ገበያ ሁለቱም እየሳሱ ሄዱ። ቅቤው ማዶ ነው፣ የቅቤ ገዢው ወዲህ፤ ጨው ነጋዴው ሳምንት እየዘለለ ይመጣል። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ የሰፈረ አንድ ባለሱቅ ነበረን። ወላይትኛን እንደኛው ይናገራል፣ ሲናደድ ብቻ በአባቱ ቋንቋ ይሳደባል። እሱ እንኳ ወደ ሶዶ ሊነቅል ዳር ዳር ይል ጀመር። ቀኑን ሙሉ ከዝንብ ጋር ስፋጠጥ እየዋልኩ ነው ይለን ነበር፤ እየሳቅን ብንሰማውም ሱቁ ከተዘጋ ገበያው እንደሚያበቃለት ሁላችንም እናውቃለን።

ልጄ በሞተ በሁለተኛው በጋ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎችና የጸሎት ቤት አገልጋዮች በመንደራችን ሰፊ መስክ ላይ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ወገን ከየገበያው ተነስቶ እንዲቆፍር፣ ወንዙ ላይም ግንድ ተጋድሞ ሁለቱ እንዲገናኙ ተስማሙ። የተከራከሩት በስፋቱ ነው። ጭቃ ሹሙ መኪና የሚያሳልፍ ይሁን አለ፤ መኪና ኖሮት ሳይሆን መኪና ስለሚወድ ነው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቃሬዛ አስመጡና መሬት ላይ አስቀመጡት። አራት ሰው ተሸክሞት ጎን ለጎን የሚሄድበት ይሁን፣ ቃሬዛ ካለፈ የተጫነ በቅሎም ያልፋል አሉ። ሶዶ ካለው ኦቶና ሆስፒታል ሳይደርሱ በየገደሉ የቀሩብንን ሰዎች ሁሉም አስቦ ተስማማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃሬዛ መለኪያ ሆነ። አራት ሰዎች ባዶውን ተሸክመው ከቆፋሪዎቹ ኋላ ይሄዳሉ፤ የአንዳቸው ትከሻ ግድግዳውን ከነካ ቦታው እንደገና ይሰፋል።

ሥራው ሲያምር! ወንዶቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው ዶማቸውን በአንድ ላይ ያነሳሉ፣ በአንድ ላይ ይጥላሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እኛ ሴቶቹ የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ ይዘን እንወርዳለን። ዳጣው ከሚያቃጥልባት ሴት ዘንድ ወንዶቹ እየተሳደቡ ደግመው ይመጣሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ ሁለተኛውን ፀንሼ ነበር። ባሌ በኛ ወገን የመስመር መሪ ስለሆነ፣ ማታ ማታ የት ደረሳችሁ እያልኩ አስጨንቀዋለሁ። ከትናንቱ ትንሽ አለፍ ብለናል ይለኛል። ሌላ ነገር አይወጣውም።

በግንቦት የኛ ወገን ወንዙ ድረስ ጨረሰ፤ ግንዱም ተጋደመ። የማዶዎቹ ግን እናቴ ጓሮ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከእሷ ጓሮ ወደ ወንዙ መውረጃው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ባንድ ወገን ቋጥኝ፣ ባንድ ወገን ገደል፣ መካከሉ ጠባብ አንገት። እናቴ አላስቸገረችም ነበር። ትንንሾቹን እንሰቶች በገዛ እጇ እየነቀለች ሌላ ቦታ ተከለቻቸው። በዚያ አንገት ላይ የቆመውን አንዱን ትልቅ እንሰት ግን አታስነካም። እንሰት ከጎለመሰ በኋላ ተነቅሎ ቢተከል አይጸድቅም፤ ወይ ይፋቃል ወይ ባለበት ይኖራል። ለመስቀል ኑ አለቻቸው።

ለመስቀል! ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ሳይቆረጥ፣ ቦዩ ሳይወጣለት ዝናብ ከገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ግንዱንም የበጋውንም ሥራ ጠርጎ ይወስደዋል። እኔም የምወልደው እንደገና በሐምሌ ነው። ሽማግሌዎች ሄደው ለመኗት፣ በአንዱ ፋንታ ሌላ እንሰት እንስጥሽ አሏት። ምክንያትሽን ንገሪን ቢሏት ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ሰው ደግሞ ዝምታን እንዳሻው ይተረጉማል፤ ስስታም አሏት። ወሬው ወንዙን ተሻግሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ስስታም ያላትን ሴት ገበያ ላይ ነገር ፈልጌ ተጣላኋት። ቤቴ ገብቼ ግን በእናቴ አለቀስኩ። ጭሷን እያየሁ፣ ምን ሆንሽብኝ እላለሁ።

ነገሩን የፈታው ያ ዝምተኛ ባሌ ነው። በኛ አገር አማችና አማት ይከባበራሉ፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ መከራከር ነውር ነው። ስለዚህ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልሄደም። አንድ ቀን ግን ግንዱና መውረጃው ይገጣጠሙ እንደሆነ ሊያይ ተሻግሮ ያን እንሰት ከታች ወደ ላይ አየው። ማታ መጥቶ እሳት ዳር ተቀመጠ።

“አንድም ቅጠል አልተቆረጠበትም” አለኝ።

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። የጓሮ እንሰት ቅጠሉ ይቆረጣል፤ ቂጣ ይጠቀለልበታል፣ ለላም ይሰጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠለሉበታል። ቅጠሉ ያልተነካ እንሰት ስለት ያለበት ነው፣ ለሰው የታሰበ ነው። በእናቴ ጓሮ ለማን ሊታሰብ ይችላል? ያልተወለደ ልጅ ደግሞ በአደባባይ አይወራበትም። ሽማግሌ ፊት ቀርባ፣ ይህ የልጄ የአራስነቷ ነው ብላ እንዴት ትናገር? አንድ ጊዜ ያጣች ሴት ከቶ አፏን አትከፍትም።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ሄድኩ። ከማዶ ተጮኾ የሚነገር ነገር አይደለም። አዲሱ መንገድ እስከ ወንዙ ድረስ እንደ ቤት ወለል ነው፤ ከግንዱ ወዲያ ግን የድሮው ገደል ጠበቀኝ። ሆዴ ከፊቴ ቀድሞ፣ ባሌ ከኋላ እንደ ጭነት እየደገፈኝ፣ ሥር ሥሩን እየጨበጥኩ ወጣሁ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ያዩናል። ባሌ አጥሩ ጋ ሲደርስ እንደ ወጉ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቆመ። እናቴ ስታየኝ በዚህ ሆድሽ ብላ ተቆጣችኝ፤ ውሃ ሰጠችኝ፤ ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

“እማዬ፣ እንሰቱን ፋቂው” አልኳት።

እጆቿን አየቻቸው። “ያን ጊዜ ቀድሜ ፍቄ ነበር” አለች። “ልጅ ሳይወለድ የአራስ ቡላ አዘጋጀሁ። ዘንድሮ ሲያለቅስ ሳልሰማ እጄን አላነሳበትም።”

ሁለት ዓመት ያን ይዛ ኖራለች። የልጄን ሞት እሷ ችኮላዋን ጥፋተኛ አድርጋ በውስጧ ተሸክማው፣ እኔ ደግሞ ማዶ ሆኜ ጭስ ስቆጥር። የጸሎት ቤት ሰው ቢሆን እንዲህ አይታሰብም ብሎ ይገሥጻት ነበር፤ እኔ ግን ልገሥጻት አልመጣሁም።

“ያን ቀን የራበኝ ቡላ አልነበረም” አልኳት። “ያንቺ ዓይን ነው የራበኝ። ይሄ ገደል ካልተቆረጠ ዘንድሮም ወንዝ ዳር ትቆሚያለሽ።”

ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ያስቀየምኳት መስሎኝ ደነገጥኩ። ስትወጣ መፋቂያዋን ይዛለች። ባሌ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ እየሰማ፣ እኔን እያየች፣ “ወንዶቹን ዞር በሉ በያቸው” አለችኝ። እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይቀርብማ። ያን ሁሉ ወር በቃሬዛ የሚለካ፣ በዘፈን የሚቆፍር ሠራዊት ዶማውን ተሸክሞ ከቋጥኙ ጀርባ ሄዶ ተቀመጠ። ጭቃ ሹሙም አብሮ ሄደ። ያን ሳይ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

ሴቶቹ ግን መጡ። የማዶዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ወሬው ሲሰማ የኛ ሴቶችም ግንዱን ተሻግረው ያን ገደል ቧጠው ወጡ። ስስታም ብላት የነበረችው፣ ገበያ ላይ የተጣላኋት ሴትም መጥታለች። ቀና ብላ ሳታየኝ ከሁሉም በላይ ስትፍቅ ዋለች። የማንን ቡላ እንደሚጨምቁ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አልተናገረውም። ሲጨርሱ እናቴ ቡላውን በኮባ ጠቅልላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ ወንዶቹ ተጠሩ። እንሰቱ የተነቀለበት ቦታ ላይ የመጀመሪያው ዶማ አረፈ፤ ከባዱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ቃሬዛው ግድግዳ ሳይነካ እስከ ግንዱ ወረደ።

በሐምሌ ምጤ መጣ። ዝናቡ እንደዚያኛው ጊዜ ነበር፣ ወንዙም እንደዚያው ይጮኽ ነበር። ከወዲህ ሆነው ተጣሯት። ባሌ ደጅ ቆሞ በጭጋጉ ውስጥ መንገዱን ይመለከታል፤ እኔ ከውስጥ፣ ትታያለች ወይ እያልኩ እጠይቀዋለሁ። አትታይም ይለኛል፣ ደግሜ እጠይቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ዝም ሲል ወደቀች አልኩ። ዝም ያለው ግን መግቢያውን ለቆላት ፊቱን ስላዞረ ነው። ውሃ የምታንጠባጥብ እናቴ ቡላዋን በራሷ ላይ ይዛ ገባች። ልጄ ስትወለድ የያዘቻት እሷ ናት። ልጅቷ ስታለቅስ እናቴ፣ ሰማሁ፣ ሰማሁ አለች። በማግስቱ ገንፎውን እያጎረሰችኝ፣ ከእጇ የምበላውን እያየች፣ በጸጥታ ታለቅስ ነበር። እኔም እያለቀስኩ በላሁ። ከዚያ የሚበልጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ገበያው ወዲያው አልተነሳም፤ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የማዶ ሴቶች ቅቤያቸውን ይዘው መጡ፣ ከዚያ ጨው ነጋዴው ሳምንት መዝለሉን ተወ። ባለሱቃችን መደርደሪያውን አልነቀለም፤ ጭራሽ አንድ ጨመረበት። አሁን ደግሞ ሰው አላስተነፍስ አለኝ ብሎ ያማርር ጀመር። የታመመም ሰው በአራት ሰው ትከሻ ሳይንገላታ ወደ ኦቶና ያልፋል።

በመስከረም ከአራስ ቤት ወጣሁ። በኛ አገር አራስ ስትወጣ ቅቤ ተቀብታ፣ አጊጣ ገበያ ትሄዳለች፤ ያያት ሁሉ ይመርቃታል። እኔ የማዶውን ገበያ መረጥኩ። ልጄን አዝዬ፣ ቅቤው በግንባሬ ላይ እየቀለጠ፣ ግንዱን ተሻግሬ ወጣሁ። የሚወርደው ሰው ሁሉ እየቆመ ይመርቀኛል።

እናቴ ከቋጥኙ ሥር ጠበቀችኝ። ልጅቷን ተቀብላኝ አቀፈቻት። ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ ማንም በማይደርስበት ጥግ፣ አንድ አዲስ እንሰት ተክላለች። ዙሪያው ፍግ ተደርጎበታል። ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“ቅጠሉን እንዳትቆርጪ” አለችኝ።