የሶዲየም መስቀል

ዛሬ ደብረ ታቦር መብራት ስለጠፋ የባትሪ ድንጋይ ልገዛ ወጣሁ። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ያለውን የመደመር ምልክት ሳይ እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ታላቅ እህቴ አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ በጠፋ በዓመቱ፣ ጉና ሥር ባለው ቤታችን ለኬሚስትሪ ፈተና አጠና ነበር። መዝጊያው ላይ በከሰል የሶዲየምን ምልክት ጻፍኩ፤ ከራስጌውም መደመር አደረግሁበት። አባቴ እርጥብ ለምዳቸውን እንደደረቡ ከገብሱ ማሳ ገቡ።

«ይህ መስቀል ለማን ነው?» አሉኝ።

«መስቀል አይደለም አባዬ። ሶዲየም አሥራ አንድ ኤሌክትሮን አለው። አንዱ ሲሄድበት አሥር ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ ይህ መደመር ይጻፍበታል።»

«ሲጎድልበት ነው የሚደመርለት?»

«አዎ።»

«የሄደውስ ይመለሳል?»

«የወሰደው ይዞ ያስቀረዋል።»

አባቴ ወደ መዝጊያው ጠጋ አሉና፣ «እንግዲያ የእኛም ነው፤ አታጥፊው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ጠዋት ሲወጡ ይሳለሙት ነበር። ከሰሉ ከንፈራቸው ላይ ይቀራል፤ እኔም ሲደበዝዝ መልሼ አደምቀዋለሁ።

እህቴ እስከ ዛሬ አልደወለችም። ድንጋዩን መደመሩን ወደ ፊት አድርጌ ባትሪዬ ውስጥ ከተትኩት።