ሰላሀዲን ለልጆች ያነበበበት ሐሙስ

ስልኩ ሲጮህ ሰላሀዲን አሜሪካ በሚገኘው ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ውስጥ አንድ ግዙፍ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ነበር። የደወለው የልጁ ትምህርት ቤት መሆኑን ሲያይ ተጣድፎ አነሳው። ባለቤቱ ቀመሪያ ባለፈው ዓመት ከሞተች ወዲህ በሥራ ሰዓት የሚመጣ ስልክ ሁሉ ያስደነግጠዋል።

«የጁማና አባት ነዎት?» አለችው አስተማሪዋ። «የምሥራች አለኝ! ሐሙስ ለክፍላችን የሥዕል መጽሐፍ የሚያነቡልን እርስዎ ነዎት። ስምዎን የሰጠችን ራሷ ጁማና ናት።»

«ጁማና ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እየዘለለች ነው።»

ስልኩን ኪሱ ከትቶ ባለበት ቆመ። ሽማግሌው አንገታቸውን አዙረው አዩት።

«ክፉ ወሬ ነው?»

«አይደለም። ለልጆች መጽሐፍ አንብብ ተባልኩ።»

«ታዲያ ይኼ ምኑ ያስጨንቃል?»

«ይኼን እንግሊዝኛዬን እየሰሙ ይጠይቁኛል?»

ሽማግሌው እስከ መውጫው በር ድረስ እየሳቁ ሄዱ።

ሰላሀዲን የወሎ ልጅ ነው። ለሥራው የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው፤ «ጫማዎን ያውልቁ»፣ «እዚህ ጋ ቀበቶዎን ይታጠቁ»፣ «መልካም ጉዞ» ይላል። መጽሐፍ ማንበብ ግን የቀመሪያ ነበር። ቀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነበረች፤ በዕረፍት ቀኗ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡባቸውን ሱቆች ትዞር ነበር። ልብስም ሆነ ድስት አትፈልግም፤ የምትፈልገው ጥቁር ልጆች የተሳሉባቸውን መጻሕፍት ነው። አግኝታ ስትመጣ ከበሩ ጀምሮ እየተጣራች ነው የምትገባው።

«ወሎ እያለን ጠይም ነበርን፤» እያለ ያሾፍባት ነበር ሰላሀዲን። «ጥቁር የሆንነው እዚህ ከአውሮፕላን ስንወርድ ነው።»

«አንተ ከአውሮፕላን ወረድክ። ልጅህ ግን እዚሁ ነው የተወለደችው። ራሷን መጽሐፍ ላይ ካላየች አንገቷን በምን ቀና ታደርጋለች?»

ቀመሪያ ካለፈች በኋላ መጻሕፍቱን ማንም አልነካቸውም። ታዲያ በቅርቡ ጁማና ቤተሰቧን ስላ መጣች። አባቷን ቡናማ ቀብታዋለች፤ እናቷንም ቡናማ ቀብታታለች። በመካከላቸው የቆመችው ልጅ ግን ነጣ ያለች ሮዝ ናት።

«ይቺ ማን ናት?» አላት።

«እኔ ነኛ!»

«ቀለምሽ የት ሄደ?»

«ቡናማው አልቆ ነው።»

የእርሳሱን ሳጥን ከፈተው። ቡናማው ገና ረጅም ነው። ስለ ቀለሟ ሰው የተናገራት ነገር እንዳለ ቢጠይቃት «ምንም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከየት እንደሚጀምረው ሳያውቅ ሰነበተ።

ስለዚህ የሐሙሱ ነገር ሲመጣ የትኛውን መጽሐፍ ይዞ እንደሚሄድ መምረጥ አልቸገረውም። ከቀመሪያ መጻሕፍት አንዱ ማንን እንደምትመስል ለማወቅ ዘመዶቿን ሁሉ ዞራ ስለምትጠይቅ ልጅ ነው። ግንባሯ የአያቷ ይሆናል፤ አረማመዷ የአክስቷ። መጨረሻ ላይ እናትየዋ ክንዷን ከልጇ ክንድ ጋር ታስጠጋና «ይህን ቀለም ከእኔ ወሰድሽ፤ እኔም ከእናቴ፤ እናቴም ከእናቷ» ትላታለች። ሰላሀዲን የፈራው ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ በአነጋገሩ ቢስቁ ጁማና በቀለሟ ማፈሯ ሳያንስ በአባቷም ልታፍር ነው።

በምሳ ሰዓት የሠራተኞች ማረፊያ ውስጥ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ እየተወዛወዘ፣ መስመር በመስመር በቃሉ ማጥናት ጀመረ። በልጅነቱ ቁርኣን ሲቀራ የተማረው እንዲህ ነው፤ ሌላ መንገድ አያውቅም። እንደሱ ወንበር የምትገፋው ሚሚ ሻይዋን ይዛ አጠገቡ ቆመች።

«ሼህ ሰላሀዲን! የፈረንጅ ልጆች ልታስቀራ ነው እንዴ?»

«ተይኝ እባክሽ። ሐሙስ ደረሰብኝ።»

«እንዲህ እየተወዛወዝክ ካነበብክላቸው እኮ ሁሉንም ታስተኛቸዋለህ።»

«ካወቅሽ አስተምሪኛ።»

«እኔ? ቲፕ በሌለበት ሥራ አልገባም» ብላ ሄደች። ቆይታ ግን ተመልሳ መጥታ፣ ልጆች ፊት የሚቀመጥ ሰው ፈገግ ማለት እንዳለበት አሳየችው። ሰላሀዲን ሲሞክረው ጥርሱን ያመመው ሰው መሰለ።

ረቡዕ ዕለት ቀይ ባርኔጣ ያደረጉ፣ የከተማው የጥቁሮች ሠፈር በሆነው ዌስትሳይድ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ደረሱት። አውሮፕላን የሚሳፈሩበት በር ሩቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ እየገፋቸው የሸመደደውን ቢያሰማቸው ይከፋቸው እንደሆነ ጠየቃቸው።

«እስቲ አሰማኝ።»

ጀመረ። ትንሽ እንደሄዱ «አቁም!» አሉ።

ሰላሀዲን ወንበሩን ቀጥ አደረገው።

«ወንበሩን አላልኩህም፤ ንባቡን ነው! የበረራ ማስታወቂያ አስመሰልከው እኮ። ይቺ የልጅቷ እናት ማን ናት?»

«መጽሐፉ ላይ ስሟ አልተጻፈም።»

«አንተ የምታውቃት እናት የለችም?»

ሰላሀዲን ቀመሪያ ትዝ አለችው። ወደ አሳንሰሩ ገፋቸው። ሲወጡ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁን ቀስ እያለ ነው። ሲጨርስ አሮጊቷ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«አሁን አነበብክ» አሉት። «እኔ ልጅ ሳለሁ መጽሐፍ ላይ እኔን የምትመስል ልጅ አልነበረችም። ስለዚህ የሁሉንም ፊት በሻይ ቀባሁት። እናቴ አገኘችኝና በጥፊ አጮለችኝ። በል ግፋ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠኝ።»

ሐሙስ ጠዋት፣ የዕለቱ ፈረቃው ከሰዓት ስለሆነ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ክፍሉ ገባ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ከፊት የተቀመጠ ጥርሱ የወለቀ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ጁማና ወንበር ትገፋለህ ብላናለች። እኛንም ትገፋናለህ?»

«አንብቤ ስጨርስ» አለ ሰላሀዲን፤ ልጆቹ ጮኹ። ጁማና ግን ከኋላ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች።

መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ሥዕሉን ወደ ልጆቹ አዞረው። ከሱ በፊት የመጡት ወላጆች እያነበቡ ለማሳየት አንገታቸው ተጣሞ ነበር። እሱ ግን ሁሉንም በቃሉ ይዞታል፤ ልጆቹን እያየ ወረደው።

«ሳያይ ያነባል!» አለ ጥርስ አልባው።

ነገሩ ጥሩ እየሄደ ሳለ ሁለት ገጽ አብሮ ገለጠ። እሱ አላወቀም። «አክስቷም እየተውረገረገች መጣች» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አክስት አይደለችም! ውሻ ነው!»

ሰላሀዲን ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን አየ። ቀና ሲል ጁማና ቆማለች። ልትወጣ ነው ብሎ አሰበ። እሷ በልጆቹ መካከል እየተሹለከለከች መጥታ አጠገቡ ቆመችና ገጹን ወደ ኋላ መለሰችለት።

«አባዬ፣ አንተ አንብብ፤ እኔ እገልጣለሁ» አለችው በአማርኛ።

ከዚያ በኋላ እሱ ሲናገር እሷ እየገለጠች ሄዱ። ክንድና ክንድ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ የሰላሀዲን ድምፅ ቆመ። ቃሉ አልጠፋውም፤ አልወጣ አለው። ልጆቹ ጠበቁ። ጁማና ጠበቀች። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ ክንዷን ለክፍሉ ዘረጋች።

«ይኼንን የሰጠችኝ እናቴ ናት» አለች። «እሷም ከእናቷ ነው የወሰደችው።»

ከዚያ ሁሉም እጅጌውን ሰበሰበ፤ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዷ አፍንጫዋ የአያቷ ነው አለች። ጥርስ አልባው አጎቱን እንደሚመስል፣ አጎቱ ግን ራሰ በራ ስለሆነ ነገሩ እንደሚያሳስበው ተናገረ። ሰላሀዲን የቀረውን በጩኸቱ መካከል አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ አስተማሪዋ ጎማ ያለውን ወንበሯን አዋሰችውና፣ ቃል ቃል ነውና፣ ልጆቹን በየተራ ክፍሉን አዞራቸው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲሄዱ ጁማና ከመኪናው የኋላ ወንበር ጠየቀችው።

«አባዬ፣ የእማዬ ሳቅስ ከማን ነው?»

ቀመሪያ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማ ነበር። ከማን እንደወሰደችው ግን ጠይቋት አያውቅም።

«እሱን የምታውቀው አያትሽ ናት።»

«እንደውልላታ!»

«አሁን ኮምቦልቻ ሌሊት ነው፤ ተኝታለች።»

ይህ እውነት ነው። የአማቱ ድምፅ የቀመሪያን ድምፅ ስለሚመስል ለመደወል እንደሚፈራም እውነት ነው። ጁማና በየቀኑ ትጠይቀዋለች፤ እሱም በየቀኑ ነገ ይላታል። እስካሁን አልደወሉም።