ኖር በጀልባ ላይ

የባለቤቴ አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዋጫ ከተማ ላይ እሳቸው ያላስተማሩት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሽማግሌ ስልክባቸው እሺም እምቢም አላሉም። «ልጁን ራሴ ልየው» ብለው ብቻ መለሷቸው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ቤት ውስጥ ተፋጠን ከምንቀመጥ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ወዳለው የሐይቅ ዳር መዝናኛ ጋበዝኳቸው።

መዝናኛውን ያለማው ክልሉ ነው። በጫካ የተከበበ ሐይቅ፣ የሣር ሜዳ፣ ዝናቡ አላደርቅ ያላቸው አግዳሚ ወንበሮችና አንዲት ጀልባ አሉት። የእኛ ሰው ውሃ ሲያይ ፎቶ ይነሳል እንጂ አይገባበትም። እኔ ግን አማቼን ላስደስት ብዬ ጀልባዋን ያዝኩ።

ሁለቱ ሽማግሌዎቼና እኔ ቀድመን ገብተን ተቀመጥን። ባለቤቴ፣ ያኔ እጮኛዬ፣ ውሃ እፈራለሁ ብላ ዳር ቀረች። ቀዛፊው ላይፍ ጃኬታችንን አጥብቆ አሰረልንና «አንድ ነገር ብቻ» አለ፤ «ጀልባ ላይ መነሳት የለም። ማንም ሰው!» ሁላችንም ተስማማን።

አማቼ ላይፍ ጃኬቱን ከኮታቸው በላይ አጥልቀው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። አንድ እግራቸውን ገና ከማሳረፋቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!» ብለው አማቼም ጎንበስ አሉ። ጀልባዋ ይህን ሁሉ መከባበር አልቻለችውም።

ውሃው ወገብ ድረስ ብቻ ስለነበር ከባርኔጣው በቀር የጠፋ ነገር የለም። ካፌው በረንዳ ላይ ሻይ ቀረበልን። አማቼ የተዋሱትን ጋቢ እንደ ደረቡ እኔን ብቻ ያያሉ።

«ሰው ሁሉ ሲነሳ አንተ ተቀምጠህ ነበር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጀልባው እንዳይገለበጥ ብዬ ነው።»

«አልተገለበጠም?»

«ተገልብጧል።»

«ታዲያ ብትነሳ ምን ይቀርብህ ነበር?»

ሽማግሌዎቼ ሻያቸውን ያማስላሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። እጮኛዬ አቀርቅራለች። አበቃልኝ፣ ይቺን ልጅ አጣኋት አልኩ።

አማቼ ግን ሻያቸውን ጨርሰው ተነሱ። «ከዋጫ ድረስ የመጣሁት ጀልባ ትሄዳለህ ተብዬ ነው። ሳልሄድ አልመለስም።»

ቀዛፊው በዚህኛው ዙር አንድ በአንድ አስማለን። ሽማግሌዎቼ መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ወደ ላይ የሚስባቸው ነገር ያለ ይመስል ጥርሳቸውን ነክሰው ተቀመጡ። አማቼ መጡ። እግራቸውን አሳረፉ። ማንም አልተነሳም፤ ማንም «ኖር» አላለም።

ቆም አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ክፍል በገቡ ቁጥር ተማሪ ሲነሳላቸው የኖሩ ሰው፣ የሚነሳላቸው አጥተው አንድ እግራቸውን መሬት ላይ፣ አንዱን ጀልባ ላይ አድርገው ዙሪያውን አዩ። አንጀቴን በሉት። ጋብቻውም ተረሳኝ፣ መሐላውም ተረሳኝ።

«ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ቀዛፊው ውሃ ውስጥ ሆኖ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ የጮኸውን እዚህ አልጽፈውም። ሽማግሌዎቼም ለእኔ የነበራቸውን ፍቅር ያን ቀን ጨረሱ። እኔ ተንቦራጭቄ ቀና ስል አማቼ አጠገቤ ቆመዋል፤ ከአገጫቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«እንደምትገለብጠን አታውቅም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተነሳህ?»

«እርስዎ መጡ እኮ።»

ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ከዚያ «ና ውጣ፣ ልጄ፤ ብርድ ይመታሃል» ብለው እጄን ያዙና ልጃቸው ወደቆመችበት ዳር ይጎትቱኝ ጀመር።