ፈረሱን ጥሎ የቀደመው ጋላቢ

ደሴ የሚባል፣ እንጅባራ ላይ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ የሚኖር፣ ኮምፒውተሩም እንደ ራሱ ቀስ የሚል ሰው ነበር። በ2006 ዓ.ም. ግን ቀስ ማለት አላዋጣውም። የሙሽራዋ አባት አቶ ክንዴ፣ «ይህ ቪዲዮ እንደ አሮጌ ሚኒባስ እየተንገጫገጨ ከሄደ የታናሿን ሠርግ ሌላ ሰው ይቀርጸዋል» አሉት።

ኮምፒውተር ምስል የሚያቀርበው ሁለት ትሪ እንደያዘ አስተናጋጅ ነው። አንዱ ሲቀርብ ሌላው ጓዳ ይሞላል፤ ሳይሞላ አይወጣም። የሚያንገጫግጨው ይኸው ጥበቃ ነው። ደሴ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያደርሰውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ከፍቶ «ጠብቅ» የሚለውን ትእዛዝ አጠፋው። ምስሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጎዶሎ ትሪ ቢወጣስ ማን ያየዋል?

በማግስቱ ክንዴ ከሙሽራው አባት ከአቶ ሽመክት ጋር መጡ። ሁለቱ በሠርጉ ዕለት በፈረስ ተሽቀዳድመው «እኔ ነኝ የቀደምኩ» ሲባባሉ ሰንብተዋል፤ ቪዲዮው ይዳኘን ብለዋል።

ፈረሶቹ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ምስሉ አግድም ተቀደደ፤ ከላይ አዲሱ፣ ከታች የቀድሞው። ሽመክት አጭር ስለሆኑ ቅዳዱ ከጭንቅላታቸው በላይ አለፈ። የረጅሙ የክንዴ ደረትና ባርኔጣ ግን ፈረሳቸውን ጥሎ ከፊት ወጣ።

«ቀደምኩ! አላልኩም?» አሉ ክንዴ።

«እርስዎስ ቀድመዋል» አሉ ሽመክት። «ፈረስዎ ግን ገና እየመጣ ነው። ምን ላይ ተቀምጠው ገቡ?»

«ቢቀርስ? ሙሽራ የዳርኩት እኔ ነኝ ፈረሱ?»

«ቅልቅሉ እሁድ መስሎኝ ነበር፤ ይሄ ቪዲዮ ሰውና ፈረስ ቀላቅሎ ጨረሰው!»

ደሴ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ጥበቃውን መለሰ። ምስሉ ተንገጫገጨ፣ ተንገጫገጨና ሽመክትን ከነፈረሳቸው አስቀደመ።

ክንዴ ፊታቸው ጠቆረ። «የፊተኛውን መልስ።»

«እውነቱ ግን ይሄ ነው፣ ጋሼ።»

«እውነቱን አየነው፤ አያምርም። ያንን ሲዲ ላይ ገልብጥልኝ።»

«አይገለበጥም። ቅዳዱ ያለው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። እቤትዎ ሲከፍቱት የሚያሸንፉት አቶ ሽመክት ናቸው።»

የታናሿ ሠርግ አመለጠኝ ብሎ ደሴ አንገቱን ደፋ። ክንዴ አሰብ አደረጉና፣ «እንዲያ ከሆነ ኮምፒውተሩም ቅልቅሉ ላይ ይጠራ!» አሉ።

እሁድ ኮምፒውተሩ ጋቢ ለብሶ፣ ባጃጅ ውስጥ ክንዴ ጭን ላይ ተቀምጦ ሄደ። ስክሪኑን ያቀፈው ደሴ ከጎናቸው ተጣብቋል።

«ታናሿንም አንተው ትቀርጻለህ» አሉት ክንዴ መንገድ ላይ። «ያንን ጥበቃ እንዳታበራብኝ ብቻ!»