እናቴ ከሞተች በኋላ የሳቀችው ሳቅ

ይህ የደረሰብኝ ጦርነቱ ከከተማችን ከሐይቅ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ከኩዌት ወደ አገሬ የተመለስኩ ዕለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ብሎግ ላይ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አንዳንዶቻችሁ "ፋጤ የት ጠፋሽ?" ብላችሁ ጠይቃችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ለምን እንደጠፋሁ አሳምራችሁ ታውቃላችሁ፤ እንዲያውም ከእኔ ቀድማችሁ ነው ያወቃችሁት። የዛሬውን ለሁላችሁም ነው የምጽፈው፤ ከአንጀቴ አልወጣ ስላለኝ።

መጀመሪያ የኑሮዬን ወሬ ላራግፈው። አግብቻለሁ፤ ባሌ ባጃጅ ይነዳል፣ ደህና ሰው ነው። ሴት ልጅ ወልደናል። ከዋናው መንገድ ዳር ልብስ ስፌት ቤት ከፍቻለሁ፤ ከወልዲያም ከደሴም የሚመጣ መኪና አቧራውን እላዬ ላይ አራግፎ ያልፋል። ወፍረሻል ለምትሉኝም፣ አዎ ወፍሬያለሁ። ዐረብ አገር ተመልሰሽ ትሄጃለሽ ወይ ለምትሉኝ፣ ወላሂ አልሄድም።

አሁን ወደ ነገሬ።

ይህን ገጽ የከፈትኩት ለውጡ የመጣ ሰሞን ነው፤ አገሩ ሁሉ ጸሐፊ በሆነበት ጊዜ። እኔም አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሰው ቤት የማጥብ ሰው "ከማን አንሳለሁ?" ብዬ ጀመርኩት። አርብ አርብ ማዳሜ ዘመዶቿ ጋ ስትሄድ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተቀምጬ በስልኬ እጽፋለሁ። ስለ ማዳም ድመት፣ ስለ ሊፍት ፍርሃቴ፣ ሐይቅ ውስጥ ስለተውኩት ጫማዬ... ያገኘሁትን ነበር የምጽፈው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ታላቅ እህቴ ዘሀራ ጽሑፌን በስልኳ እያነበበች ታሰማታለች፤ ከዚያ እማ ያለችውን ደውላ ትነግረኛለች። እኔም የእማን አስተያየት ከጽሑፌ ሥር አወጣዋለሁ። የማዳም ድመት የራሷ ሐኪም አላት ብዬ የጻፍኩ ጊዜ፣ እማ "ድመቷን ተዪና አንቺ ወገብሽን ታከሚ በሏት" አለች። አንባቢ በሳቅ ሞተ። ቀስ በቀስ ሰው ገጼን የሚከፍተው ለእኔ መሆኑ ቀርቶ "እማ ምን አለች?" ለማለት ሆነ። ቅናት ሳይሆን ኩራት ነበር የሚሰማኝ።

ጦርነቱ ወደኛ የመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲሸሽ፣ እማ "እኔ በማላውቀው አገር አልንከራተትም" ብላ ዘሀራን አስከትላ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ወጣች። ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ላይ፣ ወንድሟ አጎቴ ይማም ቤት ማለት ነው። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፤ መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ። እኔ ኩዌት ሆኜ ስልኬን ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ታቅፌ ነበር የምተኛው። እማ ስኳር አለባት። የስኳር መርፌዋ ስንት ቀን እንደሚበቃት እቆጥርና ቁጥሩ ሲያልቅብኝ እንደገና ከመጀመሪያው እቆጥራለሁ።

ስልኩ ሲመለስ መጀመሪያ የሰማሁት የዘሀራን ድምፅ ነው። ድምፅዋ ሻክሯል።

"እማስ?" አልኳት።

"ደህና ናት። አልሀምዱሊላህ።"

"አቅርቢያት!"

"አጎቴ ይማም ጋ ናት። እዚያ ኔትወርክ የለም። አየሩ ተስማምቷታል፣ እስክትመጪ እዚያው እቆያለሁ ብላለች። አብሽሪ፣ አትስጊ።"

"መርፌውስ?"

"እኔ አይደለሁ እንዴ ይዤላት የምወጣው?"

አመንኳት። ለምን አላምናትም? እህቴ ናት። እዚያ ተራራ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ ደግሞ ልጅ እያለሁ ጀምሮ አውቃለሁ። ዘሀራ በየአስራ አምስት ቀኑ ወደ ተራራው እየወጣች ጽሑፌን ታነብላታለች፤ ስትመለስ እማ ያለችውን ትነግረኛለች። እኔም እንደ ድሮው አወጣዋለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ የዚያ ጊዜ የእማ ቃላት ከቀድሞዎቹ ይበልጡ ነበር። ማዳም ስስቅ ድምፄ በዛባት ብዬ የጻፍኩ ጊዜ፣ እማ ጽሑፉን ሰምታ ሳቀች ተባለና እንዲህ አለች ተባለ፦ "ሰው ቤት ዝቅ ብለሽ ሥሪ እንጂ ዝቅ ብለሽ አትሳቂ በሏት።" ይህቺን ቃል ስንቶቻችሁ እየቀዳችሁ በየገጻችሁ እንደለጠፋችኋት ታስታውሳላችሁ። እኔም ወረቀት ላይ ጽፌ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን በላይ ለጥፌያት ነበር። የሐይቅ ልጆችም ከሥር "እናታችንን አላህ ያቆይልን" እያላችሁ ጻፋችሁ። አንዱማ "ስትደውዪላት ሰላም በይልኝ" ብሎ ነበር። በኋላ ሲነገረኝ ለቅሶዋ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጧል።

ኮንትራቴ አለቀና መጣሁ። ለእማ ያመጣሁት እግሯን የማይጠብቅ ሰፊ ጫማ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ስኳሯን የምትለካበት ማሽን ነበር። ዘሀራና አጎቴ ይማም ደሴ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ሁለቱም ከስተዋል፤ ጦርነቱ ነው አልኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ወደ ሐይቅ ስንወርድ "በቀጥታ ወደ ውጫሌ እንለፍ፣ እማን ዛሬውኑ ማየት አለብኝ" አልኩ።

አጎቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ "መጀመሪያ ሐይቅ እንውረድ ልጄ፤ ሰው ይጠብቅሻል" አለኝ።

ቤታችን ስንደርስ የዙህር ሶላት ተሰግዶ ሰው እየተሰበሰበ ነበር። ግቢው ጢም ብሏል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የማውቀው ሰው ሁሉ አለ። ለእኔ የተደረገ አቀባበል መሰለኛ! ደስ አለኝ። ሻንጣዬን ጥዬ አንገት ለአንገት እየተናነቅኩ መሳም ጀመርኩ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ "ምነው እናንተ፣ አንድ እልል የሚል ሰው ጠፋ? ጦርነቱ እልልታውንም ወሰደባችሁ?" ብዬ ራሴ እልል አልኩ። በእናቴ መርዶ ላይ፣ በገዛ አፌ፣ እልል አልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትወትፍ አየሁ።

ሰፈራችን የሚያከብራቸው ሼህ ተነሡና "ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። "ሁላችንም የአላህ ነን፤ ወደሱም ተመላሾች ነን። እናትሽ ወደ አኼራ ከሄደች አስር ወሯ ነው።"

ያኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? አላለቀስኩም። "አስር ወር? ኧረ ባለፈው ሳምንት ስቃለች!" አልኩ። "ዘሀራ ንገሪያቸው እንጂ! ባለፈው ሳምንት አንብበሽላት ስቃ የለም?"

ዘሀራ እግሬ ላይ ወደቀች። ግቢው ሁሉ ለቅሶ ሆነ።

እማ የሞተችው ስልኩ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ነው። መርፌው አለቀ። አጎቴ ይማም መድኃኒት ፍለጋ በእግሩ ሁለት ቀን ተንከራቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን አረፈች፤ እዚያው ተራራው ላይ ቀበሯት። ከዚያ ስልክ ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ፤ "ፋጤ ሰው ቤት ብቻዋን ናት፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ከፎቅ ብትወረወርስ? ስትመጣ ሰው ባለበት ትሰማለች" ተባለ። አዋጁ ለከተማው ሁሉ ደረሰ፤ ከእኔ በቀር።

በማግስቱ ወደ መቃብሯ ወጣን። ዳገቱን ስንወጣ ነው አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ መሐል መንገድ ላይ የቆምኩት። አስር ወር ሙሉ፣ በየሶላቴ፣ "ያ ረቢ ለእናቴ ጤና ስጣት" እያልኩ ነበር የለመንኩት። አፈር ውስጥ ላለች እናት ጤና! ምሕረት አልለመንኩላትም። ሰደቃ አላወጣሁላትም። የሞተ ሰው ከልጁ የሚጠብቀው ዱዓ ነው ተብለን አላደግንም እንዴ? እሷ ትጠብቃለች፤ እኔ ስለ ሊፍት እየጻፍኩ እቀልዳለሁ።

ዘሀራ ላይ ጮህኩባት። "መደበቁስ ይሁን፤ አገሩ ያደርገዋል። ቃሏን ለምን ፈጠርሽ? ማን አዘዘሽ?"

"ትጠይቂኛለሽ እኮ!" አለች እያለቀሰች። "'ምን አለች? ምን አለች?' ትይኛለሽ። መጀመሪያ ዝም ብዬ 'ሳቀች' አልኩሽ። አልበቃሽም። ከዚያ እማ ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ ተቀምጬ አስባለሁ። ስልኩን ስዘጋው አለቅሳለሁ። እኔስ ሰው አይደለሁም? አንቺን ሳስቅ እማን መች በወጉ አለቀስኳት?"

"ዝቅ ብለሽ አትሳቂ የምትለዋስ?"

"እኔ ነኝ።"

በቃ። ዳግመኛ አላናገርኳትም። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን፣ "በሩን ዝጊ"፣ "ውኃ መጣ" ከማለት በቀር ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል አልተነጋገርንም። ይህን ገጽም ያኔ ተውኩት። ብከፍተው የእማን ቃል አገኛለሁ፤ የትኛው የእሷ፣ የትኛው የዘሀራ እንደሆነ ደግሞ ቀኑን ሳላይ መለየት አልችልም። የገዛ እናቴን አነጋገር መለየት ያቃተኝ ልጅ ነኝ። አንባቢዎቼም ብትሆኑ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስማችሁን ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር።

ታዲያ ዛሬ ምን አስጻፈኝ? አሁን በቅርቡ የሠራሁት ነው ያስጻፈኝ።

ከስፌት ቤቴ ጀርባ የሚኖሩ አንድ ጎረቤት ታመው ሞቱ። ልጃቸው ሀያት እኔ በነበርኩበት አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እንደተለመደው "ለዒድ ትመጣለች፤ ያኔ ትሰማለች" አሉ። እኔ ተነሥቼ ተናገርኩ። የእኔን አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። "ንገሯት፤ ከዱዓዋ አታጉድሏት" አልኩ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ያንኑ ወሰኑ። "እንግዲያው እኔን ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው!" ብዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ፣ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ሳለ ደወለች።

"ፋጤ፣ አንቺ ያየሽውን አይተሻል፤ አትዋሺኝም። አብዬ ስልክ አያነሣም። ደህና ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንዲት ሴት በዐረብኛ ትጠራታለች፤ ውኃ ሲንፎለፎል ይሰማኛል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ናት አልኩ። ብቻዋን ናት። ማን ይይዛታል?

"ደህና ናቸው። ጉንፋን ቢጤ ይዟቸው ነው። አብሽሪ" አልኳት።

እዚያ ላይ ባቆም ደህና። ያላመነችኝ መሰለኝ። ማንም ሳያዝዘኝ ከራሴ ጨመርኩ። "ትናንት ሱቄ ደጃፍ ቆመው ስላንቺ ሲያወሩ ነበር። 'ልጄ ስትመጣ ቀሚሷን አንቺ ነሽ የምትሰፊላት' አሉኝ።"

ሀያት ሳቀች። "አብዬ እንዲህ አለ?" አለች። ደስ አላት። ስልኩን ዘግቼ መቀሱን ወረወርኩት።

ማታ እራት ላይ ለዘሀራ ነገርኳት። ለምን ለሷ እንደነገርኩ አላውቅም፤ ሌላ የሚገባው ሰው ስለሌለ ይሆናል። ትስቅብኛለች ወይ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ጉርሻዋን ከአፏ መልሳ፣ "ምን አሉ አልሻት?" ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ያምራል" አለች፤ ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

ሀያት ለዒድ መጣች። ሼሁ ሲያረዷት እኔም ግቢው ውስጥ ነበርኩ፤ ከሴቶቹ ኋላ ተሸሽጌ። ስትጮህ፣ ስትወድቅ፣ ሲያነሷት አየሁ። ትንሽ ቀና ስትል ዐይኗ ሰዉን ሁሉ አልፎ እኔን አገኘኝ።

"አንቺም፣ ፋጤ?" አለችኝ።

ለዘሀራ ያልኳትን ሁሉ ለራሴ ብናገረው ልክ ነው፤ ዘሀራ ያለችኝን ሁሉ ለሀያት ብነግራትም ልክ ነው፤ ሁለቱም ግን ምንም አይጠቅማትም። አባቷ ያላሉትን ቃል ጆሮዋ ውስጥ አስቀምጬባታለሁ። አሁንም ድረስ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ደጇ ሄጄ እቆማለሁ፤ ወንድሟ ወጥቶ "ተኝታለች" ይለኛል። መንቃቷን አውቃለሁ፤ ድምፅዋ ይሰማኛል። "እሺ፣ ነገ እመለሳለሁ" ብዬው እሄዳለሁ።