ከሐረር ነጥብ ሥር የተጻፈ ስም

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ የዳዊትን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ዳዊት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ኢንተርኔት ላይ የባህላዊ ዘፈን ካርታ እየሠራን ነው፤ ጎንደር ያለውን ነጥብ ሲጫኑ የጎንደር ዘፈን፣ ጋሞ ያለውን ሲጫኑ የጋሞ ይከፈታል። ከሥሩ የቀዳው ሰው ስም ይነበባል።

ሐረር ላይ የሚነበበው የዳዊት ስም ነው። እሱ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እኔ ሐረር ተወልጄ ያደግሁ፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ያስተማረ። ለአለቃችን «የተሻለ ቅጂ ያስፈልገናል» ብዬ ነው የተነሳሁት። ለእናንተ ግን አልደብቅም፤ ቅናት ነው።

7 ሰዓት፤ ሂርና

የጭሮን ዳገት ጨርሰን ለምሳ ወረድን። ሾፌራችን ጋሽ ታዬ እኔ ያለሁበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ።

«ሥራሽ ምንድነው የኔ ልጅ?»

ካርታውን ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው። ጣታቸው በቀጥታ ሐረር ላይ አረፈ። የሚዘፍኑትን የሐረር ሴቶች ድምፅ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት።

«እንዴት ደስ ይላል። አንቺ ነሽ የቀዳሽው?»

«አይደለሁም።»

ስልኬን ተቀብዬ ካርታውን ዘጋሁት።

11 ሰዓት፤ ሸዋ በር

ቁልቢን በጉም፣ አወዳይን በጫት ግርግር አልፈን ደረስን። ሸዋ በር፣ የሐረር ግንብ መግቢያ፣ እንደማውቀው ነው፤ ባጃጅ፣ ማንጎ፣ ሚኒባስ፣ ሦስት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ሐሙስ፣ 9 ሰዓት፤ ግንቡ ውስጥ

ለዳዊት ከዘፈኑለት ሴቶች አንዷ፣ አይ ሩቂያ ቤት ገባሁ። «አይ» በሐረሪ እናት ማለት ነው። እሑድ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ስለሆነ «አፎቻ» የሚሉት የዕድራቸው ሴቶች ስፌት እየሰፉ ዘፈን ያዘጋጃሉ። ጫማዬን አውልቄ ቤቱን ቃኘሁ። መደቦቹ ከፍና ዝቅ ያሉ ናቸው። ለድምፅ የሚመቸውን ከፍ ያለውን መርጬ ወጣሁና መቅጃዬን አመቻቸሁ።

ሴቶቹ ስፌታቸውን አቁመው አዩኝ።

«ልጄ፣ እሱ የአሚር ነደባ ነው» አሉኝ አይ ሩቂያ በቀስታ። «የቤቱ ትልቅ ሰው ነው የሚቀመጥበት። ነይ ወደኛ ውረጂ።»

ፊቴ ጋለ። ሐረር አደግሁ የምለው ከግንቡ ውጭ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ውስጥ ካሉት ቤቶች ያንዱንም ደጅ አልረገጥኩም ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኔ ነው።

«ዳዊት እንኳ ሳይነገረው ታች ነው የተቀመጠው» አለች አንዷ። «ወላሂ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አክርማ ሲያቀብለን ሰንብቶ ነው ዝፈኑልኝ ያለን።»

«እናቱ ተሻላቸው?» አሉኝ አይ ሩቂያ።

እናቱ መታመማቸውን አላውቅም ነበር። ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። «ደኅና ናቸው» ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ ዘፈኑ። ከበሮው ገባ፣ ሁለት ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ይዘው እያጋጩ ተከተሉት፤ ድምፃቸው ከዳዊት ቅጂ በስንት እጥፍ ይበልጣል። አገኘሁት ብዬ ልቤ ዘለለ። መሐል ላይ ሴቶቹ ፈገግ አሉና ግጥሙ ውስጥ «ዳዊት» የሚል ስም ሰማሁ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ።

ሲጨርሱ «ስሙን ለምን አስገባችሁት?» አልኩ።

«የራቀ ወዳጅ በዘፈን ይጠራል» አሉ አይ ሩቂያ። «አንቺማ አጠገባችን ነሽ፣ ምን ብለን እንጥራሽ?»

ያለ ስሙ አንዴ እንዲደግሙልኝ ልለምን አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አሳፈረኝ።

ቅዳሜ፤ አዲስ አበባ

መንገዱን ሙሉ ስሙ ያለባትን ቦታ ከቅጂው ለመቁረጥ ስታገል መጣሁ። ቆረጥኩት፤ የእንጨቱ ምት ተሰበረ። መለስኩት።

ቢሮ ስገባ ዳዊት ብቻውን ነበር። «እናትህ እንዴት ናቸው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ ቅጂውን አሰማሁት። ስሙ ጋ ሲደርስ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ያንቺ ይበልጣል» አለና የራሱን አውርዶ የእኔን ሰቀለው። እንኳን ሊከራከር፣ ቅር ያለውም አይመስልም፤ ይኼም አናደደኝ።

አሁን ካርታው ላይ ሐረርን የሚጫን ሁሉ ከሥር የእኔን ስም ያነባል። የሚሰማው ግን የሱን ነው።